ጽፌ ያጠፋሁት መልስ

ትናንት ማታ እዚሁ ነቀምቴ ስልኬ ላይ አንድ መልስ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። በዚያው ምሽት ግን «አትፍሩ» የሚል ጥቅስ ለሦስት ግሩፕ ፎርዋርድ አድርጌያለሁ። እናንተስ?

ጉዳዩ ፖለቲካ እንዳይመስላችሁ። ግሩፓችን ውስጥ ሐሰት ለተወራበት ጎረቤቴ «ውሸት ነው» ማለት ብቻ ነበር።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ትዝ አለኝ። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ስሙም ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው ደብዳቤ ካለው ባሪያ፣ ከአናሲሞስ፣ የመጣ ነው። በአስቴር ጋኖ እገዛ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመለት። በ1904 ነቀምቴ ገባ። በ1906 እንዳይሰብክ ታገደ፤ እስኪፈቀድለት አሥር ዓመት ቆየ። መስበክ ቢከለከልም ማስተማሩን አልተወም። አፉን ሲይዙት በፊደል ቀጠለ በሉት።

ፍርሃት ሁሉ ኃጢአት ነው የሚሉ ሰባኪዎች አይገቡኝም። በእኛ አካባቢ ዝምታ አንዳንዴ ቤተሰብን መጠበቂያ ነው። የእኔ የትናንቱ ግን እሱ አልነበረም፤ ግሩፑ እንዳይስቅብኝ ነው። «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ እያወቀ ዝም የሚለውንም ሳይነካ አይቀርም።

ዛሬ ጠዋት ለጠፍኩት። ሁለት መስመር ናት። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ አንድ ሰው በውስጥ «እኔም አውቅ ነበር» ብሎ ጻፈልኝ።