የኦሞን ጥናት ከልኬቱ ጀምሩ

«የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የኦሞን ወንዝ ገደለው» የሚለኝም፣ «ምንም አልነካውም» የሚለኝም ጥናት ይጠቅስልኛል። እኔ ዕድሜዬን የወንዝ ውኃ ስለካ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጥናት ሲሰጡኝ ማጠቃለያውን አልፌ የልኬት ሠንጠረዡን እገልጣለሁ።

የወንዝ ፍሰት በየቀኑ የሚለካ እንዳይመስላችሁ። ጧትና ማታ የሚነበበው ዳር ላይ በተተከለው ዘንግ የሚታየው የውኃ ከፍታ ነው። ከፍታውን ወደ ፍሰት የምንመልሰው አልፎ አልፎ ወንዙ ላይ ወርደን ከለካነው ፍጥነት ባወጣነው ቀመር ነው። ታዲያ በነሐሴ ሙላት፣ ግንድ እየተንከባለለ ሲወርድ፣ መሣሪያ ይዞ የሚጠጋው ማን ነው? ስለዚህ ትልቁ ጎርፍ በአብዛኛው ቀመሩን በግምት አስረዝመን የምናገኘው ቁጥር ነው። ለዳሰነች ገበሬ ግን ዋናው እሱ ነው፤ ማሽላውን የሚዘራው ጎርፉ ሸሽቶ በተወው ደለል ላይ ነውና። በዚያ ላይ ደህና ረጅም የልኬት መዝገብ ያለው ከግድቡ በላይ፣ አበልቲ ነው፤ ዳሰነች የሚያርስበት ኦሞራቴ ግን ከታች ነው፤ የትና የት! የኦሞራቴን ጎርፍ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አሃዝ ያሰላ ጥናት ሳይ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥዬ የጥናቱን ቀን አያለሁ። የግድቡ ግንባታ በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ይፋ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ነው። ቡልዶዘር ከገባ በኋላ የወጣ ግምገማ «ይሠራ ወይስ ይቅር?» ለሚለው ጥያቄ ምን ይፈይዳል?

የጥናቱ ወሰንም ያሳስበኛል። ተርባይን ውኃ አይጠጣም፤ ወቅቱን ነው የሚያዛባው። የሚጠጣው ከግድቡ በታች ያለው የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት የሸንኮራ መስኖ ነው። ኦሞ ለኬንያው ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው ውኃ ከ80 በመቶ በላይ ይሰጣል፤ ግድቡን ከመስኖው ነጥሎ የመዘነ ጥናት ሐይቁን መዝኛለሁ ሊል አይችልም። ለወራት ቀስ እያለ ይሞላ የነበረውን ወንዝ ከግድቡ በሚለቀቅ የ10 ቀን ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንተካዋለን የሚለው ሐሳብም ከወረቀት ወጥቶ መሬት ላይ መለካት ነበረበት።

ተቺዎቹንም አልምርም። አንዳንዶቹ ሐይቁ ከ10 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ እንደ ደረቀው አራል ባሕር ይሆናል ብለው ነበር። ግድቡ ሲሞላ ሐይቁ እውነትም ዝቅ አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን በከባድ ዝናብ ከፍ ብሎ ዳርቻውን አጥለቀለቀ። ይህን ይዘው «ግድቡ ጉዳት የለውም» የሚሉም ተነሥተዋል። ዝናቡ ያደረገውንና ግድቡ ያደረገውን ሳይለዩ ከሁለት አንዱን መፍረድ ችኮላ ነው።

ለመለየት የሚያስፈልገው መዝገብ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ወደ ግድቡ የገባውና ከግድቡ የተለቀቀው የዕለት ውኃ፣ መስኖው ከጠለፈው ጋር፣ በየወሩ ይፋ ይደረግ። ያኔ የኛም የኬንያም ተማሪዎች ቁጭ ብለው ያስሉት።