እንግሊዝኛን አንብቦ ስለ መረዳት

ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ ከመማሪያ ክፍሉና ከመምህራኑ ይበልጥ የተለወጠባችሁ ነገር የመጻሕፍቶቻችሁ ቋንቋ ነው። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ የምትገኙ ተማሪዎች በመጀመሪያ ደረጃ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የተማራችሁት የሚበዙት በአፋን ኦሮሞ፣ ሌሎቹም በአማርኛ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ የቋንቋው ለውጥ የሚያጋጥማችሁ በዚህ ዕድሜያችሁ ነው። ስለሆነም እንግሊዝኛን አንብቦ መረዳት የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያነበበው ያልገባው ተማሪ በእንግሊዝኛ ከመውደቁ በፊት በሥነ ሕይወትና በጂኦግራፊ ይወድቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፤ ያልገባን መጽሐፍ በቃል መሸምደድ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ድምፅ ማውጣትን ከማስተዋል ጋር ያምታታል። በቁቤ ማንበብ የለመደ ተማሪ ፊደሉን ስለሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ገጽ ያንበለብለዋል። (እርግጥ በቁቤ «ኤክስ» የተባለው ፊደል የ«ጥ»ን፣ «ሲ» የተባለውም የ«ጭ»ን ድምፅ ስለሚወክሉ አልፎ አልፎ ይሰናከል ይሆናል፤ ይህ በጥቂት ልምምድ የሚቃና ነው።) ሰሚው ያደንቃል፤ ተማሪውም የገባው ይመስለዋል። መጽሐፉን ዘግቶ «ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ ያጣል።

ሌላው ልማድ መዝገበ ቃላትን እንደ ምርኩዝ ይዞ በየቃሉ መቆም ነው። አንድ ምሳሌ እንመልከት። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲያስረዳ፣ ዝዋይ «ፍሬሽ ዋተር» የያዘ ሐይቅ እንደ ሆነ ከገለጸ በኋላ «ሃውኤቨር» ብሎ የአቢጃታን ጨዋማነት ይጠቅሳል እንበል። «ፍሬሽ» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት የፈለገ ተማሪ ቀድሞ የሚያገኘው «ትኩስ» ወይም «አዲስ» የሚል ፍች ነው። «ትኩስ ውሃ» ብሎ የተረጎመው እንደ ሆነ ዝዋይን ፍል ውሃ አደረገው ማለት ነው! ሐሳቡን እስከ መጨረሻው አንብቦ ቢሆን ኖሮ ግን «ሃውኤቨር» መንገዱን ባሳየው ነበር። ይህ ቃል እንደ አማርኛው «ነገር ግን» ተቃራኒ ሐሳብ መከተሉን ያስታውቃል። በወዲያኛው ወገን ያለው ውሃ ጨዋማ ከሆነ፣ በወዲህኛው ያለው ጨው የሌለበት መሆን አለበት። መዝገበ ቃላቱ መገለጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ ግምቱን ለማረጋገጥ ነው።

የባቱ ልጅማ ከዚህም የቀደመ መሣሪያ አለው። ደንበል ብሎ የሚጠራው ይህ ሐይቅ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ውሃውም ለመስኖ የሚሳብ መሆኑን ያውቃል። ውሃው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ እንደሚፈስስ፣ አቢጃታ ግን መውጫ እንደሌለው ሰምቶ ይሆናል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሃው በትነት ሲሄድ ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። እንግዲህ ከማንበቡ በፊት «ስለዚህ ጉዳይ እኔ ምን አውቃለሁ?» ብሎ በአፋን ኦሮሞ ራሱን የጠየቀ ተማሪ፣ የቃሉን ትርጉም በከፊል ይዞ ወደ ምንባቡ ይገባል።

አንዳንድ ወላጆችና መምህራን በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ሌላ ቋንቋ ፈጽሞ መሰማት የለበትም ይላሉ። ስለ ንግግር ልምምድ ከሆነ እስማማለሁ፤ ስለ ንባብ ከሆነ ግን አልቀበለውም። የአንቀጽን ኃይለ ቃል ለይቶ ማውጣት፣ ምክንያትን ከውጤት ማዛመድ፣ ጸሐፊው ያልጻፈውን ከጻፈው መገመት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ከተለመዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ችሎታዎች ናቸው። በዚህ በአማርኛ መጽሐፍ የተለማመዳችሁት አንቀጽን የመመርመር ዘዴ ለኬሚስትሪ መጽሐፋችሁም ይሠራል። በአንጻሩ ገጹን በሙሉ በአማርኛ ተርጉሞ የሚሰጥ መምህር፣ በቅን ልቡና ቢያደርገውም፣ የማንበቡን ሥራ ከተማሪው እጅ ይወስዳል። ተማሪው የሰማው የመምህሩን አማርኛ እንጂ ያነበበው የመጽሐፉን እንግሊዝኛ አይደለም። አማርኛው የማይቀናው ተማሪ ደግሞ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ አንድ አንቀጽ ብቻ በዝግታ አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉና በሚቀናችሁ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ የተባለውን ለባልንጀራችሁ አስረዱ። ማብራሪያችሁ የተቋረጠው ያልገባችሁ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርሱ ነውና፣ መጽሐፉን ገልጣችሁ እርሱን መልሳችሁ መርምሩ። ከዚያ በኋላ ፍሬ ነገሩን በራሳችሁ እንግሊዝኛ በሁለት መስመር ጻፉ። ሰዋስዉ ቢጓደል በማግስቱ መምህራችሁ ያርሙታል።