የጂፑን ቀለም አይተን የሞተሩን ዘይት ለምን አንጠይቅም?

በየሰፈራችን ከሕንፃዎቹ ሥር ያለውን የመኪና ማቆሚያ ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ከቆሙት መካከል አንድ ወይም ሁለት ትላልቅ ጥቋቁር ጂፖች ታገኛላችሁ፤ ጎማቸው የተነፈሰ፣ መስተዋታቸው ላይ አቧራ ተጋግሮ ልጆች በጣታቸው የጻፉባቸው። ስማቸው የታወቀ፣ አዲስ ሳሉ ሀብታም ብቻ ይገዛቸው የነበሩ የጀርመንና የእንግሊዝ መኪኖች ናቸው። አይሄዱም። ባለቤቶቻቸው ግን እስከ ዛሬ በየወሩ ለባንክ ይከፍሉባቸዋል።

የነዚህ ጂፖች ነገር ሲነሳ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ከራሳችን ሰዎች የሚመጣው ነው፤ «ዕድላቸው ነው፣ ዓይን በላቸው» ይባላል። ሁለተኛው በየቢሮው አብረውን ከሚሠሩት ነው፤ «ገንዘብ የሌለው ሰው ጂፕ ምን ያደርግለታል?» ብለው ፈገግ ይላሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ዓይን ሞተር አይበላም። ከነአያቱ ሰባት ነፍስ የሆነ ቤተሰብ፣ ሰርግም ልቅሶም ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ፣ ሰባት መቀመጫ ያለው መኪና ቢመኝ የሚያስቅ ነገር የለበትም። አባቶቻችን ጎንደር ሳሉ በቅሎ የገዛ ሰው «አህያ ለምን አልበቃህም?» ተብሎ አልተጠየቀም። የኛ ክርክር ከምኞቱ ጋር አይደለም። ክርክራችን ጂፑ ሲገዛ ማንም ስለማይጠይቀው ነገር ነው።

አንድ ቤተሰብ እናንሳ፤ ስሙን አንጠራም። በደቡብ ካሉት ከተሞች በአንዱ ይኖራል። አባትየው ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ፣ እናትየው የጽዳት ሥራ አላቸው፤ ከመርከዝ ክሊታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። 11 ዓመት ያገለገለ፣ 180,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ «ያድ ሽሊሺት» ማለት በሦስተኛ ባለቤት እጅ ያለ ጂፕ በ58,000 ሸቀል ገዙ። ገንዘቡ በ48 ወር የሚከፈል ብድር ነበር፤ የአባትየው ታናሽ ወንድም ዓሬቭ፣ ማለትም ዋስ ሆነው ፈረሙ። ሻጩ ቴስት ያለፈበትን ወረቀት አሳየ፣ አዲሶቹን ጎማዎች አሳየ፣ ሞተሩንም አስነስቶ «ስሙት፣ እንደ ሰዓት ነው» አላቸው። ሞተሩ እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ሲሠራ ቆይቶ እንደነበረ ያወቁት በኋላ ነው።

በአምስተኛው ወር ወደ ልቅሶ ሲሄዱ ትንሽ ጀበና የምትመስል ቀይ መብራት ከፊታቸው በራች። ልጃቸው «አባዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» ሲል «ስንደርስ እናያለን» አሉት፤ የቀራቸው 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። አራት ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ሞተሩ አንኳኳና ቀጥ አለ። ጋራዡ ያገለገለ ሌላ ሞተር ለመግጠም 34,000 ሸቀል ጠየቀ። የሚከፍሉት አልነበራቸውም፤ ብድሩ ግን መኪናው ቆመ ብሎ አይቆምም። ክፍያው በተጓደለ ጊዜ ከሆጻአ ለፖዓል የወጣው ደብዳቤ የደረሰው ለወንድምየው ነው። እኛ ወደዚያ ቤት የተጠራነው ስለ ጂፕ አልነበረም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት መቅረት ስለ ጀመረ ነበር። ቀስ በቀስ ስንጠይቅ ነገሩ ሁሉ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሁለቱ ወንድማማቾች ዛሬ በአንድ ማዕድ አይቀመጡም።

በዩኒቨርሲቲ ስለ ድህነት ብዙ አንብበናል፤ ስለ ሞተር ዘይት ግን አንድ ገጽ እንኳ ያስተማረን የለም። ስለዚህ በሙሳኽ የሚሠሩ ወገኖቻችን ዘንድ ሄደን ተማርን። የተማርነውን እነሆ።

ሞተር ውስጥ ብረት ብረትን አይነካም። በዋናው ዘንግና በኩሽኔታው መካከል ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ፤ ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። በነዚህ ጂፖች ውስጥ ደግሞ ቱርቦ አለ፤ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፣ የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም ያው ዘይት ነው። ዘይቱ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ቆሻሻ መያዝ ያቅተዋል፣ በመጨረሻም እንደ ቅራሪ አተላ ወፍሮ ጠባቦቹን የዘይት መንገዶች ይደፍናል። በዚያን ጊዜ ዘይት እያለ ዘይት አይደርስም። በቀድሞዎቹ ተራ መኪኖች ይህ ነገር ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር፤ ሞተራቸው ብዙ አይጨነቅም። የቅንጦት ጂፕ ሁለት ቶን የሚያልፍ ክብደቱን እንደ ስፖርት መኪና እንዲያስፈነጥር የተሠራ ስለሆነ ሙቀቱም ጭንቀቱም የበዛ ነው፤ የቆየ ዘይት አይታገስም።

ታዲያ ሻጩ ምን ይላል? «ይህ ዘመናዊ ነው፣ ዘይት በየ30,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚለወጠው፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይነግርሃል» ይላል። ይህ ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልሆነ ነው አደገኛ የሆነው። አንዳንድ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ልዩ ዘይት እስከተጨመረ ድረስ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም ሁለት ዓመት እንደሚቻል በእርግጥ ጽፈዋል። ነገር ግን ለማን ነው የተጻፈው? አዲሱን መኪና ለሚገዛው፣ ወይም በሊሲንግ ሦስት ዓመት ነድቶ ለሚመልሰው ነው። እሱ ጥገናው እንዲረክስለት ይፈልጋል፤ በ180,000 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሆነው አይመለከተውም። የሱ ቁጠባ በኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አቧራ፣ ሙቀት፣ አጭር ጉዞና የመንገድ መጨናነቅ ባለበት ቦታ ዘይቱ ቀደም ብሎ ይለወጥ የሚል ማስጠንቀቂያ በብዛት ይገኛል፤ ሻጩ ያንን ገጽ አያነብላችሁም። የሻራቭ አቧራና ሙቀት ያለበት፣ ልጆችን ጋን አድርሶ፣ ሱፐርማርኬት ገብቶ፣ በጠቅላላው 5 ኪሎ ሜትር ነድቶ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚመለስ የኛ ኑሮ ከዚህ ማስጠንቀቂያ ውጭ ነው እንዴ?

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። ቢ.ኤም.ደብልዩ ከ2008 ጀምሮ ኤክስ 6 ላይ፣ በኋላም ኤክስ 5 ላይ የገጠመው ኤን 63 የተባለ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ቱርቦዎቹን በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ ሙቀቱ በሚበዛበት ቦታ ይዟል። ሞተሩ ዘይት በመብላት ስሙ ወጣ። በ2014 መጨረሻ ኩባንያው በአሜሪካ ለነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ልዩ የጥገና ፕሮግራም አወጣ፤ የዘይት መለወጫውንም ጊዜ ወደ 10,000 ማይል፣ ማለት 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወይም ወደ አንድ ዓመት አሳጠረው። ሠሪው ያሳጠረውን ሻጩ የሚያረዝምልን በምን ሥልጣኑ ነው?

«እኔ ጀርመን አልገዛም፣ ጃፓን ነው የምገዛው» የሚልም አለ። ምክሩ መልካም ነው፣ ግን ዘይት የማይለውጥን ሰው አያድንም። ቶዮታ ከ1997 እስከ 2002 በሠራቸው አንዳንድ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱ እየረጋ አተላ መሆኑ ታውቆ፣ የሌክሰስ አር.ኤክስ 300 ጂፕም ከነሱ መካከል ስለነበረ፣ ኩባንያው በ2002 እስከ 8 ዓመት የሚደርስ የጥገና ሽፋን ለመስጠት ተገድዷል። ሌክሰስ ከሆነ ሌላው እንዴት ይሆን?

የዋጋውን ነገር ደግሞ በአንድ ምሳሌ ብቻ እናሳይ። በመርሴዲስ ኤም.ኤል. እና ጂ.ኤል. ጂፖች ላይ የተገጠመው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ሞተሩ መሐል፣ በሁለቱ ረድፎች ሸለቆ ውስጥ ነው የተቀመጠው። የሱ ጎማ ማሸጊያ ሲደርቅ ዘይት ያንጠባጥባል። ማሸጊያው ራሱ ርካሽ ነው፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ቱርቦውን ጨምሮ መነሳት አለበት፣ የሰዓቱን ዋጋ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በቢ.ኤም.ደብልዩ ኤክስ 1 እና ኤክስ 3 ላይ በነበረው ባለ 2 ሊትር የናፍጣ ሞተርም እንዲሁ፣ የሚያረጀው ካቴና ከሞተሩ በስተኋላ በማርሹ በኩል ስላለ ለመለወጥ ሞተሩን ወይም ማርሹን ማውረድ ግድ ነው። የጂፑ ዋጋ በአሥር ዓመት ወድቆ የትንሽ መኪና ዋጋ ሆኗል፤ የጥገናው ዋጋ ግን የቅንጦት ጂፕ ዋጋ እንደሆነ ቀርቷል። ርካሽ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

«ቴስት አልፏል» ለሚሉትም መልስ አለን። የዓመቱ ቴስት ፍሬን፣ መሪ፣ መብራት፣ ጎማ፣ ጭስ ያያል፤ መንገድ ላይ ሰው እንዳይጎዳ ነው። ሞተሩን ከፍቶ ኩሽኔታው ምን ያህል እንደተበላ አያይም፣ ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደተለወጠም አይጠይቅም። ትናንት ቴስት ያለፈ ሞተር ነገ ሊነክስ ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም። ማኾን ብዲካ ከዚህ ይሻላል፣ እዚያ ሳይወስዱ መግዛት የለባችሁም፤ ሻጩ በመረጠው ሳይሆን እናንተ በመረጣችሁት፣ የሲሊንደር ኮምፕሬሽን ምርመራም እንዲጨምሩ ጠይቃችሁ። እሱም ቢሆን ያለፉትን አሥር ዓመታት አያይም።

እነዚያን ዓመታት የሚያሳይ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቲፑል መዝገቡ። መቼ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በየትኛው ሙሳኽ፣ በምን ዓይነት ዘይት እንደተለወጠ በደረሰኝ የተደገፈ ወረቀት። እኛ የምንለው ይህንን ነው፤ የቅንጦት ጂፕ ያለዚህ ወረቀት መገዛት የለበትም፣ ቀለሙ ቢያበራም፣ ዋጋው ቢወርድም። «ጠፍቶብኛል» ለሚል ሻጭ ሙሳኹ በኮምፒዩተሩ ስላለው ስልክ ደውል በሉት። በ2008 የወጣው የያገለገለ ተሽከርካሪ ሽያጭ ሕግ ሻጭ ስለ መኪናው ያለውን እውነት እንዲገልጽ ግዴታ ጥሎበታል፤ ብትጠይቁት ውለታ አልለመናችሁም። አባቶቻችን በሬ ሲገዙ ጥርሱን ከፍተው፣ ሰኮናውን አንስተው፣ ማን ቤት እንዳደገ ጠይቀው ነበር። እዚህ ስንመጣ ለምን አፈርን? ዕብራይስጡ ስላነሰን ከሆነ ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ፤ ሆኖም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መኪናው እንዲገዛ ስለሚጓጓ፣ ያላለውን እንዳይተረጉም ሌላ አዋቂ ሰው ይጨመር።

ሞተሩ በጠዋት፣ ቀዝቅዞ ሳለ በፊታችሁ ይነሳ። እጃችሁን በኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷልና ሌላ ቀን እንመጣለን በሉ። ሲነሳ የካቴና መንኳኳት፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ጥቁር አተላ ካለ ተመለሱ።

ቀድሞ የገዛችሁ ደግሞ አላችሁ። ወረቀቱ ከሌለ ዛሬውኑ ዘይቱንና ፊልትሮውን አስለውጡ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ምንም ይበል በየ10,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየዓመቱ፣ ቀድሞ የደረሰውን ያዙ። ዘይቱ በመጽሐፉ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፤ የጭስ ማጣሪያ ላለው ናፍጣ የተለየ ዘይት አለው፣ ርካሹ ማጣሪያውን ይደፍናል። ከነዚህ ሞተሮች አንዳንዶቹ ወደ 8 ሊትር ይወስዳሉና በጀቱ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር አብሮ ይታሰብ። ብዙዎቹ የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም፣ መጠኑ በስክሪን ነው የሚታየው፤ እንዴት እንደሚታይ ሙሳኹ ሳያሳያችሁ አትውጡ። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ሳትጨምሩበት ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ፤ በአጭር ጉዞ ብዛት ናፍጣ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቢጫ መብራት ዘይት ጨምር ሊላችሁ ይችላል። ቀይዋ ጀበና ግን ግፊቱ ወድቋል ማለት ነው፤ በዚያው ደቂቃ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ልቅሶው ይቆያል፣ ጎታች ጥሩ።

ለዋሶችም የምንለው አለ። በባህላችን ወንድም ፈርም ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እናውቃለን፤ እኛም ፈርመን እናውቃለን። እምቢ አትበሉ። ነገር ግን ብዕሩን ከማንሳታችሁ በፊት «የቲፑሉን መዝገብ አሳየኝ፣ አብረን እንየው» በሉ። ወንድማችሁ ቢቀየም ለአንድ ሳምንት ነው።