አራቱን ሰጥቶ ሁለት መቀበል

ድሮ ለአንድ ቤት አንድ ሬዲዮ ይበቃ ነበር። ዜና ሲደርስ አባት ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፣ ልጆች ዝም ይባላሉ፣ ጎረቤትም በራፍ ላይ ቆሞ ሰምቶ ይሄዳል። ዛሬ ጆሮ ሁሉ የየራሱ አለው። ሳሎን ውስጥ አምስት ሰው ተቀምጦ አምስቱም የተለያየ ነገር ያደምጣል። መሳቢያው ሲከፈት ደግሞ የተጠላለፈ ገመድ፣ አንድ ጎኑ የማይሰማ ኤርፎን፣ ባትሪው የደከመ ብሉቱዝ ይወጣል። ይህን ያየ ወላጅ ታዲያ፣ «እነዚህን መካከለኛ ዕቃዎች ሰብስበን ሸጠን፣ በቁጥር ያነሰ በጥራት የበለጠ ብንገዛ አይሻልም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም።

በቅርቡ ይኸው ጥያቄ ከራሴ ዘመድ ቤት መጣ። ታናሽ እህቴ የምትኖረው ንፋስ መውጫ ነው፤ ባሏ መምህር ነው። ቤታቸው ውስጥ አራት የጆሮ ማዳመጫ አለ። አንዱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኟ ልጃቸው ነው፣ አንዱ የ8ኛ ክፍሉ ወንድሟ፣ አንዱ የአባትየው፣ አንዱ ደግሞ ቅዳሴና መዝሙር እንዲሰሙበት ለአማቷ ለእማማ የተገዛ ነው። ሁለቱ ባለ ገመድ፣ ሁለቱ ብሉቱዝ ናቸው፤ በአማካይ በ3,000 ብር የተገዙ። ታዲያ ወንዱ ልጅ ከአንድ ሱቅ ወሬ ይዞ መጣ። ባለሱቁ፣ «አራቱን አምጡ፣ 6,000 ብር ጨምሩ፣ ሁለት ኦሪጅናል ትወስዳላችሁ» ብሎታል።

«አያ፣ ምን ትለኛለህ?» አለችኝ እህቴ። «ልጁ እንቅልፍ ነስቶናል። አባቱ ደግሞ ነገሩ ሳይጥመው አልቀረም።»

ልጁ የተናገረው ሁሉ ስሕተት አይደለም። ጥሩ ማዳመጫ ከመናኛው በእርግጥ ይለያል። ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ለረጅም ሰዓት ሲደረግ ጆሮ አይቆረቁርም፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው አይጨቁንም። የአንዳንዱ ትራስና ገመድ ሲያረጅ ይቀየራል። ነገር ግን ዋጋው በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ እኩል እየጨመረ አይሄድም። ከ500 ብሩ ወደ 3,000 ብሩ ሲኬድ ልዩነቱን ማንም ሰው ይሰማዋል። ከ3,000 ብሩ ወደ 30,000 ብሩ ሲኬድ ግን ዋጋው ዐሥር እጥፍ ይሆናል እንጂ ድምፁ ዐሥር እጥፍ አያምርም። በስልክ የተቀዳ የትምህርት ገለጻ ወይም የሬዲዮ ዜና ለሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም ያንሳል፤ ቅጂው ራሱ ጥራት ከሌለው ውዱ ማዳመጫ ከየት ያመጣዋል?

የውዶቹ ትልቁ መሸጫ የውጭ ድምፅን ማፈናቸው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማዳመጫው ላይ ያሉ ትንንሽ ማይክሮፎኖች የአካባቢውን ድምፅ ይቀበላሉ፤ መሣሪያው ወዲያው የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። እንደ ጄኔሬተርና እንደ አውቶቡስ ሞተር ያለውን ወጥና ጎርናና ድምፅ በደንብ ይቀንሰዋል። የሰው ወሬ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የድስት ኳኳታ ግን ያን ያህል አይታፈንለትም። ተፈታኟን ልጅ ከጥናቷ የሚያናጥባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የቤት ውስጥ ድምፅ ነው እንጂ የአውሮፕላን ሞተር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ለንፋስ መውጫ ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ከጉና ተራራ ብዙም ሳትርቅ በደጋው ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ንፋስ አያጣትም። ንፋሱ ማይክሮፎኑን በቀጥታ ሲመታ ድምፅ አፋኙ መሣሪያ ይሳሳትና ጸጥታ መስጠቱ ቀርቶ ጆሮ ውስጥ ጉርምርምታ ይጨምራል። አንዳንዱ የንፋስ መከላከያ ቅንብር አለው፤ ያ ሲከፈት ግን ማፈኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጅ ደጁን ይዞ ለሚሄድ ልጅ የተከፈለበትን ያህል አያገለግልም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ እውነቱ የሚገለጠው እዚህ ነው። ሶኒና ቦዝን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ምርጥ የሚሏቸው ድምፅ አፋኝ ማዳመጫዎች አዲስ ሲወጡ በውጭ አገር ሱቅ ከ300 ዶላር በላይ ነው የሚሸጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለስሌት ያህል ዶላሩን በ130 ብር ብንይዘው፣ 300 ዶላር 39,000 ብር ነው፤ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታከልበት። ባለሱቁ የጠየቀውን ደግሞ እንይ። አራቱን አሮጌዎች በተገዙበት ሙሉ ዋጋ ብንቆጥርለት እንኳ 12,000 ብር ናቸው፤ 6,000 ሲጨመር 18,000 ይሆናል። ለሁለት ሲካፈል አንዱ 9,000 ብር መሆኑ ነው። የ39,000 ብር ዕቃ በ9,000 ብር የሚሰጥ ነጋዴ ለጽድቅ ካልሆነ በቀር ምን አግኝቶ ይሰጣል? ዕቃው ወይ ያገለገለ ነው፣ ወይ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ ወይ ከየት እንደመጣ የማይነገርለት ነው።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት በራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን የብሉቱዝ ማዳመጫ ዕድሜ የባትሪው ዕድሜ ነው። ባትሪ ደግሞ ጥቂት መቶ ጊዜ ሙሉ ከተሞላ በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በብዙ ማዳመጫ ላይ መቀየሩም ቀላል አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ባለ ገመዱ ዝም ብሎ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን ቻርጅ ይለምናል። ኦሪጅናል ነው የሚባለውን ለማጣራት ደግሞ ኩባንያው ራሱ ያወጣውን የስልክ መተግበሪያ አውርዶ ከማዳመጫው ጋር ማገናኘት ነው፤ የማያውቀው ከሆነ ነገሩ አለቀ። ማወቁ ብቻውን ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ የመለያ ቁጥሩ በካርቶኑና በዕቃው ላይ አንድ መሆኑን ማየት ይገባል። ይህን እንድትፈትሹ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ግን ጆሮው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት ከሆኑ ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡት ከልክ ባለፈ ድምፅ የተነሳ የመስማት ጉዳት እንደሚያሰጋቸው ይናገራል። ድርጅቱ ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች ደግሞ 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 90 ዴሲቤል ላይ የደረሰ አዋቂ በሳምንት የሚፈቀድለት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ቁጥሩ ለከበዳችሁ ቀላሉ መመሪያ፣ የስልኩን ድምፅ ከሙሉው ከ60 በመቶ አለማሳለፍ ነው። ውዱም ርካሹም ሲጮህ ያው ነው፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም።

እዚህ ላይ ለድምፅ አፋኙ ማዳመጫ አንድ ምስክርነት ልስጥ። በጫጫታ መካከል የሚውል ሰው ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፅ ይጨምራል። የውጭው ሲቀንስለት በዝቅተኛ ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ለጆሮ ትልቅ ዕረፍት ነው። ዘወትር በአውቶቡስ ለሚመላለስ ወይም ጄኔሬተር አጠገብ ለሚሠራ ሰው ውዱ ዕቃ ያዋጣ ይሆናል። ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ተራ ማዳመጫም ቢሆን ያለ ባትሪና ያለ ማይክሮፎን ከዚህ ጥቅም ጥቂቱን ይሰጣል።

የጋይንት ሰው የጆሮን ዋጋ ከማንም በፊት ያውቃል። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም የምትገኘው እዚያው ጋይንት ነው። ከየአገሩ የሚሄደው ተማሪ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ለይቶ የሚይዘው ከመምህሩ አፍ በጆሮው ሰምቶ ነው። መምህሩም ስሕተቱን የሚያርሙት በጆሯቸው ነው። የትኛውም መሣሪያ ያን ጆሮ አይተካም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ለሌላ ጉዳይ ቢነገርም እዚህም ይሠራል፤ የመስማት ችግርን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ሳይሆን የቤቱ ሰው ነውና። ልጁ «እ?» ማለት ካበዛ፣ ማዳመጫውን ካወለቀ በኋላ ጆሮው ጭው ካለ፣ ቴሌቪዥኑን ከሌላው ሰው በላይ ካስጮኸ፣ መጀመሪያ መቀየር ያለበት ማዳመጫው አይደለም።

አራት ሰው ሁለት ማዳመጫ ሲካፈል ምን ይሆናል የሚለውም መታሰብ አለበት። በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ማታ ማታ ጠብ ነው። ተፈታኟ ልትይዘው ስትፈልግ ወንድሟ ፊልም ላይ ነው። «ኦሪጅናሉ የኔ ነው» መባባል ይመጣል። ውድ ዕቃ ሲሰበር ደግሞ ልጅ የሚቀጣው በዕቃው ዋጋ ልክ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት በውሰት ማዟዟርም ጥሩ አይደለም፤ ፈሳሽ ወይም ሕመም ያለበት ጆሮ የነካውን ሌላው ባያደርገው ይመረጣል። የግድ ከሆነም ጫፉን መቀየር ወይም በደንብ አጽድቶ ማድረቅ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ የእማማ መልስ ነው። ልጁ፣ «እማማ፣ ይሄ የውጭ ድምፅ ፈጽሞ አያሰማም» ብሎ ሊያባብላቸው ሲሞክር፣ «የኔ ልጅ፣ እኔማ ሁለቱንም ጆሮዬን ከደፈንኩት በሩን ማን ይሰማልኛል?» አሉት። እውነት ነው። እንግዳ ቢመጣ፣ ሕፃን ቢያለቅስ፣ ጎረቤት ቢጣራ ቀድሞ የሚሰማው ቤት የሚውለው ሰው ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከዚያች ከተማ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ያን ጊዜ ያየ ሰው ጆሮውን ለደጅ ክፍት ማድረግ ቢወድ አይፈረድበትም። ለእማማ የሚሻለው ድምፁ የጠራ ትንሽ ሬዲዮ ነው። ንግግር የሚደበላለቅባቸው ከሆነ ደግሞ ከማዳመጫ በፊት ምርመራ ይቀድማል። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ በጤና ባለሙያ እጅ ይወጣል። በክብሪት እንጨትና በላባ መጎርጎር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ታምቡርንም ሊበሳ ይችላል።

ለእህቴ ያልኳት ይህን ነው፦ ሱቁን ተዪው። አራቱንም አትሽጪ። የእማማን ማዳመጫ፣ ስለማያደርጉት፣ ለሚፈልገው ሽጠሽ በገንዘቡ ላይ ጨምሪና ትንሽ ሬዲዮ ግዢላቸው። ሁለቱ ባለ ገመድ ከሆኑት አንዱ መቼም ከቤት አይውጣ፤ መብራት ሲጠፋም ያገለግላል። 6,000 ብሩን ማውጣት ካልቀረ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ትራሱ የሚቀየር አንድ ደህና ማዳመጫ ለተፈታኟ ይገዛ፤ ከፈተና በኋላ ለቤቱ ይሆናል። ልጁ የራሱን ይያዝ፤ ስልኩ የድምፅ ገደብ ማበጃ ካለው አባቱ ይቆልፉበት። ቁጥሩ ከአራት ወደ አራት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ለሚጠቅመው ሰው ደርሷል።

እናንተም ቤት ይኸው ጥያቄ ከተነሳ፣ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ሳምንት ደብተር ይዛችሁ መዝግቡ። የትኛውን ማን ስንት ሰዓት አደረገው? በአንድ ሰዓት ላይ ስንት ሰው ፈለገው? ሳምንቱን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የዋለ ካለ እሱን ሽጡት። ሁልጊዜ የሚደረግና የሚያማርር ካለ እሱን በተሻለ ለውጡት። ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት የሚፈልገው ዕቃ ካለ፣ አንድ ውድ ከመግዛት ሁለት ደህና መግዛት ለቤቱ ሰላም ይሻላል። የምትገዙትንም ሱቁ ውስጥ በራሳችሁ ስልክ፣ በምታውቁት ድምፅ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትሰሙበት ገንዘብ አትክፈሉ።

ልጃችሁ ማዳመጫ አድርጎ ሳለ ደግሞ አንድ ክንድ ርቃችሁ ቁሙና በተለመደው ድምፅ ስሙን ጥሩት። ዞር ካለ ደህና ነው። ዞር ካላለ ግን ዕቃው የ500 ብርም ሆነ የ39,000 ብር፣ ድምፁ ይቀነስ።