ካሮት ፍራፍሬ ሲሆን ማርማላታችን ባለቤት አጣ!

ለመሆኑ የመርቲን ማርማላታ ዳቦ ላይ ቀብቶ ያላደገ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? እኛ እንጆሪም ይሁን ማንጎ፣ ብርቱካንም ይሁን ፓፓያ፣ በስኳር ተቀቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ “ማርማላታ” ብለን ነው የምንጠራው። ቃሉ ከጣሊያን መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። ይኼው የእንጆሪ ማርማላታ ግን “ማርማሌድ” የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አውሮፓ ቢደርስ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ሕጉ “ወግድ!” ሲለው ነው የኖረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የያኔው የአውሮፓ ማኅበረሰብ የጃም ሕግ ሲያወጣ፣ እንግሊዞች “ማርማሌድ ማለት ከብርቱካንና ከመሰሎቹ የሚሠራ ብቻ ነው” ብለው ድርቅ አሉ። ተሳካላቸው። ኦስትሪያኖች በበኩላቸው እንደኛው ሁሉንም በአንድ ስም ሲጠሩ የኖሩ ናቸውና “ስማችንን አትንኩብን” ብለው ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጉ ተሻሽሎ በአካባቢ ገበያዎቻቸው እንደ ልማዳቸው እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ፖርቱጋሎች ደግሞ ከካሮት ጃም ይሠራሉ። ምን ተደረገ? በዚሁ ሕግ ካሮት “ፍራፍሬ” ተብሎ ተመዘገበ! ስኳር ድንችና ዱባም ተከተሉት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ማኅበሩን ጥላ ስትወጣ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2024፣ አባል አገሮች ከፈለጉ ለማንኛውም ጃም “ማርማሌድ” የሚለውን ስም መፍቀድ እንዲችሉ ተወሰነ። ሥራ ላይ እንዲውል የተቆረጠለት ቀን ሰኔ 2026 ነው።

ልብ በሉ፣ አንባቢያን! ካሮትን ፍራፍሬ ያደረገው ሳይንስ አይደለም። ለገበሬው የሚሟገት መንግሥት ነው።

እኛስ? የእኛ ባለሥልጣናት በየአዳራሹ “እሴት ጨምረን እንላካለን” ይላሉ፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ቡና ይባላል፣ ይበተናል። ውጤቱ የታለ ሲባሉ “ፈረንጆቹ በሩን ዘጉብን” ይሉናል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይብሳል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በስተቀር የድሃ አገሮችን ምርት ሁሉ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ለማስገባት በሩን ከፍቷል። ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት። ስለዚህ የእኛን ማርማላታ ያስቀረው ቀረጥ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው!

ወረቀቱስ ምንድን ነው? በአንድ ኪሎ ጃም ውስጥ ቢያንስ 350 ግራም ፍሬ መኖር ነበረበት፤ በአዲሱ ሕግ ወደ 450 ግራም ከፍ ብሏል። “ኤክስትራ” ለመባል ደግሞ 500። የፀረ ተባይ ቅሪት የተለየ ልክ ካልተወሰነለት በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ሲሆን ላኪው በቀረጥ ነፃው ለመጠቀም በተመዘገበ ላኪነት ቁጥር ማግኘት አለበት። የሚለጠፈው ጽሑፍ ገዢው አገር በሚገባው ቋንቋ ይሁን ይላል። ከባድ ነው? አዎ። የማይቻል ነው? በፍጹም! ሚዛን፣ ላቦራቶሪና የሚያስረዳ ሰው ነው የሚፈልገው።

የማውቃት አንዲት እህት አለች። ሦስት ሴቶች ቀጥራ የማንጎና የእንጆሪ ማርማላታ ትሠራለች። ጀርመን ያለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ባለቤት ቀምሶ “ላኪልኝ” አላት። ደስ ብሏት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

“እህቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማክሰኞ ተመለሺ።”

ማክሰኞ ተመለሰች። “የላቦራቶሪ ውጤት አምጪ” ተባለች። ካላት ላይ ከፍላ አስመርምራ አመጣች።

“ይሄ እኮ እዚያ ተቀባይነት የለውም።”

“ታዲያ የትኛው ነው ተቀባይነት ያለው፣ ወንድሜ?”

“እሱን ገዢሽን ጠይቂው!”

እንግዲህ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላው ሰውዬ የማያውቀውን ሕግ፣ ድስት የምታማስለው ሴት ፍራንክፈርት ደውላ ታጣራ ማለት ነው! አራት ወር ተመላለሰች። ገዢው ሰለቸውና ትዕዛዙን ሰረዘ። ከሦስቱ ሴቶች ሁለቱ ተሰናበቱ። በአርባ ምንጭና በአሶሳ ማንጎው ወቅቱን ጠብቆ ከዛፍ ሥር ይበሰብሳል፤ በከተማ ደግሞ ሊቀቅሉት የሚችሉ እጆች ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ።

የስኳሩም ጉዳይ አለ። የማርማላታ ግማሹ ስኳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወጀው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አገሪቱን ስኳር ላኪ ያደርጋታል ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቀበሌው ሱቅ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስኳር ከውጭ ሲገባ ኖረ። ከውጭ የገባ ስኳር የበዛበት ማርማላታ ደግሞ “የኢትዮጵያ ምርት ነው” ብሎ በቀረጥ ነፃው ለመጠቀም ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ስንት ውድቀት እንደታሸገ አያችሁ?

“እኛ የኅብረቱ አባል አይደለን፣ በምን አፋችን እንሟገት?” የሚል አይጠፋም። አፍ እንዳለንማ አይተናል። በቡና ስሞቻችን ጉዳይ፣ በሐረር፣ በሲዳሞና በይርጋጨፌ፣ መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሷል። የሚመሰገን ሥራ ነበር። በአንጻሩ ጤፋችን ላይ በሆላንድ የተያዘው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በማን ክርክር ነው? በሁለት የግል ኩባንያዎች ጠብ! እኛ ዜናውን ሰምተን ጨፈርን። ስንሟገት እናገኛለን፤ ስንተኛ ሌላው ተጣልቶ እስኪያተርፈን እንጠብቃለን።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ለራሳቸው ሲሆን ቃል የሚቀይሩ፣ ካሮት የሚያጠምቁ ሰዎች፣ ለድሃ ሲሆን ሚዛናቸው አይነቃነቅም። ግን እነሱ የሚሠሩት ለገዛ ገበሬያቸው ነው። የእኛዎቹስ ለማን ነው የሚሠሩት?

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ የገዢ አገሮች ሕግ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በግልጽ ተጽፎ ለአምራቹ ይታደል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ባሕር ማዶ የሚታመን ላቦራቶሪ ትንሹ አምራች በሚችለው ዋጋ ያገልግል። ሦስተኛ፣ ባለጉዳይ የሚመልስ ሹም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፣ ስሙንም ከሥሩ ይፈርም። ስሙን የሚፈርም ሰው “ማክሰኞ ተመለሺ” ለማለት ሁለቴ ያስባል።

ያቺ እህት አሁንም ማርማላታዋን ትሠራለች፤ ለሰፈር ሱቅ። ወደ ውጭ የሚሄደው፣ ዘመድ በሻንጣው በልብስ ጠቅልሎ የሚወስደው ብቻ ነው። የአገሪቱ የማርማላታ ኤክስፖርት እንግዲህ የመንገደኛ ካልሲ ውስጥ ነው ያለው። ባለሥልጣኖቻችን በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንንም በስኬት ይመዝግቡልን!