ልጆቻችን ስለ ዳክዬው ይከራከሩ



ባለፈው ወር አንድ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ ግን ከልባቸው እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «እኔ በየቅዳሜው ከዊንተርቱር ኡስተር ድረስ የምመላለሰው ልጄ ፊደል እንዲቆጥር ነው እንጂ ስለ ዳክዬ እንዲከራከር አይደለም እኮ!» አሉን።

አብረን ሳቅን። ቤታችን ስንገባ ግን ነገሩ ከነከነን። እውነታቸውን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትሠሩ ከርማችሁ፣ የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን ትታችሁ ልጅ ይዛችሁ ስትመጡ፣ ልጃችሁ ምን እንደሚማር መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሁለት እናቶችም ይህንኑ ጠይቀውናል። ስለዚህ መልሳችንን በዚህ እትም እንጽፋለን። አቋማችንን አስቀድመን እንናገር፦ ስለ ዳክዬው መከራከሩን አናቆምም። እንዲያውም እናንተም ቤት ውስጥ እንድትጀምሩት እንለምናችኋለን።

ነገሩን ላልሰማችሁ፣ ከመኸር ዕረፍት ወዲህ የየቅዳሜውን የመጨረሻ 20 ደቂቃ «ያነበብኩት» ብለን ሰይመነዋል። ልጆቹ በሳምንቱ ውስጥ ያነበቡትን ኮሚክ ይዘው ይመጣሉ። መጽሐፉ በጀርመንኛ ቢሆን ግድ የለንም፤ አብዛኛውም እንደዚያው ነው። ወሬው ግን በአማርኛ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ «ጥሩ ነው» ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ «ምክንያቱም» መከተል አለበት። ሌላው ልጅ ደግሞ ወይ ይስማማል ወይ ይቃወማል፤ እሱም «ምክንያቱም» አለበት።

ለምን ይህን መረጣችሁ ካላችሁን፣ እስቲ የልጆቻችንን አማርኛ ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ትእዛዝ አሳምረው ይሰማሉ። «ና ብላ»፣ «ጫማሽን አውልቂ»፣ «ድምፁን ቀንስ» ሲባሉ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም። አያት ከአዲስ አበባ ሲደውሉም ነገሩ ያው ነው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» እዚያ ላይ ያልቅና ስልኩ ወደ እናት ይመለሳል። «ለምን?» ተብለው ሲጠየቁ ግን መልሱ «ቫይስ ኖድ» ነው፤ አላውቅም። ልጁ ሳያስብ ቀርቶ አይደለም። ያሰበውን የሚናገርበት አማርኛ ስለሌለው ነው። በትምህርት ቤቱ እጁን አውጥቶ ሐሳቡን በጀርመንኛ ሲያስረዳ የሚውል ልጅ፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ አፉን እንዳልፈታ ሕፃን ይሆናል። ይሄ ያሳፍረዋል። ልጅ ደግሞ ያፈረበትን ነገር ይተወዋል።

እኛ ራሳችን ያደግነው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልን ነው። ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም ማለት ጨዋነት ነበር፤ ጨዋነቱን አንጠላውም። ግን አንድ ልዩነት አለ። እኛ ቤት ውስጥ ዝም ብንልም ደጅ ስንወጣ የምንከራከረው፣ የምንቀላለደው፣ ሲያስፈልግም የምንሰዳደበው በአማርኛ ነበር። ኡስተር ውስጥ ልጃችን ደጅ ሲወጣ የሚጠብቀው የስዊስ ጀርመንኛ ነው። ቤት ውስጥ ዝም ካለ፣ በአማርኛ የሚከራከርበት ሌላ ቦታ የለውም።

«እሺ፣ ይከራከሩ። ግን ለምን በኮሚክ? ለምን ቁም ነገር ባለው ተረት አይሆንም?» ትሉን ይሆናል። ተረትም እናነብላቸዋለን። ተረት ላይ ግን የምናውቀው እኛ ነን፤ እነሱ ተቀባይ ናቸው። ኮሚክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከእኛ ከአስተማሪዎቹ መካከል ዩኒቨርሲቲ የጨረሰም አለ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠም አለ። ስለ ዳጎበርት ዳክ ግን ሁላችንም መሃይም ነን። ስለዚህ ልጆቹ ማስረዳት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ሲያስረዱም ደስ ይላቸዋል።

ዳጎበርት ማለት የዶናልድ ዳክ ሀብታም አጎት ነው። ካርል ባርክስ የሚባል አሜሪካዊ በ1947 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፈጠረው፣ በገንዘብ ክምር ውስጥ የሚዋኝ ዳክዬ ነው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ክፉ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ብር አለው ግን አይሰጥም» አለ። ሌላው «ክፉ አይደለም፣ ምክንያቱም ራሱ ሠርቶ ነው ያገኘው» ብሎ ተነሣበት። ክርክሩ ሲጦፍ ቃል አነሳቸው። ያኔ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፍንላቸው፦ ቆጣቢ፣ ቆንቋና፣ ስስታም። አንዲት ልጅ ትንሽ አሰበችና «እናቴ ቆጣቢ ናት፣ ዳጎበርት ቆንቋና ነው፤ ምክንያቱም እናቴ ለአያቴ ትልካለች» አለች። አንዱ ደግሞ «እኔ ዳጎበርት ብሆን ኖሮ ግማሹን እሰጥ ነበር» አለ። «ብሆን ኖሮ»ን እኮ ሁለት ወር ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስናስተምር አንድም ልጅ አልያዘውም ነበር።

ፊደሉም አልተረሳም። ዶናልድ ዳክን ከ1951 ጀምረው ለረጅም ዓመታት ወደ ጀርመንኛ የመለሱት ኤሪካ ፉክስ የሚባሉ ሴት ናቸው። ግሱን ጫፉን ቆርጠው «ዞይፍትስ»፣ «ግሩብል» እያሉ የዳክዬውን ስሜት በአንዲት ቃል ማሳየት ይወዱ ነበር። ጀርመኖች ይህን አጻጻፍ በስማቸው ቀልደው «ኤሪካቲቭ» ይሉታል። እንዲህ ያለው ነገር ለአማርኛ የዕለት እንጀራው ነው። ክው አለ፣ ትክዝ አለ፣ ሹልክ አለ፣ ዘፍ አለ፣ ብድግ አለ እንል የለ? ልጆቹ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ይሰጣቸውና ጀርመንኛውን በነጭ ወረቀት ሸፍነው በላዩ «ክው!»፣ «ሹልክ!» ብለው በፊደል ይጽፋሉ። «ሹ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብሎ ልጅ ራሱ ሲጠይቀን፣ ያ ፊደል አይጠፋውም።

ኮሚክ ዋዛ ነው ለምትሉን ደግሞ እዚሁ ስዊዘርላንድ ያለ ታሪክ እንንገራችሁ። ብዙ አጥኚዎች የዘመናዊ ኮሚክ አባት የሚሉት በ1799 ጄኔቫ የተወለደው ሮዶልፍ ቶፕፈር ነው። ሥራው ማስተማር ነበር፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረው። በ1827 የመጀመሪያውን የሥዕል ታሪክ ሠራ፤ ለማሳተም ግን አመነታ። ሥዕሎቹ በእጅ ሲዞሩ ከታላቁ ጀርመናዊ ደራሲ ከጎተ ዘንድ ደርሰው ተመሰገኑ። እሱም ከዚያ በኋላ ማሳተም ጀመረ። ታዲያ ኮሚክን እዚህ አገር ያስጀመረው አስተማሪ ከሆነ እኛ ለምን እናፍራለን?

ለእኛስ ቢሆን መቼ አዲስ ነገር ሆነ? የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር በአማርኛ እየጻፈ የሚተርከውን ሸራ አይታችኋል። ልጆቹ ፎቶውን ስናሳያቸው «ኮሚክ ነው!» ነው ያሉት። በእኛ ዘመንም ብስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ ሥራ ፈላጊው ወጣት አማኑኤል ልዩ ኃይል የሚያገኝበትን «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል። «ሐዊ» የሚለው ደግሞ አሜሪካ አድጋ ወደ ኢትዮጵያ ስለምትሄድ ልጅ ነው። የእኛዎቹ ራሳቸውን እንዲያዩበት ብለን ልናመጣላቸው አስበናል።

ጄኔቫ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይሄን አስቡት። የጄኔቫው ዜፕ የሚስለውን ቲተፍን የእነሱ ልጆች በፈረንሳይኛ ያነቡታል፣ የእኛዎቹ በጀርመንኛ። ለገና ሲገናኙ ስለሚወዱት ልጅ ሊያወሩ የሚችሉበት የጋራ ቋንቋ የትኛው ነው? አማርኛ ነው። ካላወቁት ግን ሁሉም ስልኩን ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በኅዳር አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በሁለት ፍራንክ የተገዛ ቆየት ያለ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ «ቲም ኢም ኮንጎ»። ቤልጅየማዊው ሄርጄ ኮንጎ በቤልጅየም ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1930 እና በ1931 በጋዜጣ ያወጣው ታሪክ ነው። ልጅቷ መጽሐፉን ከፍታ ለጓደኞቿ አሳየች። ጥቁሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ትልልቅ ከንፈር ነው ያላቸው፤ የሚናገሩትም እንደ ሕፃን ነው። ዝም ብላ ቆየችና «እኛን ነው የሳለው? ሰውዬው ጥቁር ሰው አይቶ አያውቅም እንዴ?» አለች።

አንዱ ልጅ «የድሮ መጽሐፍ ነው፤ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር» አላት። እሷ «የድሮ ቢሆንም ውሸት ውሸት ነው» ብላ መለሰች። ሌላው «ታዲያ ይጣል?» ሲል ጠየቀ። «አይጣል፤ ግን ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን አያንብቡት። ምክንያቱም እውነት ይመስላቸዋል።» አሥር ደቂቃ ያህል ተከራከሩ። ጀርመንኛው ገባ ወጣ ይላል፤ ክርክሩ ግን በአማርኛ ነበር። እኛ አስተማሪዎቹ ዝም ብለን አዳመጥን። በኋላ የነገርናት አንድ ነገር ብቻ ነው። ግምቷ ከእውነቱ አልራቀም፤ ሄርጄ የኮንጎን ምድር ረግጦ አያውቅም።

ወላጆች፣ ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ሥዕል በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚያገኙት። በመጫወቻ ሜዳም፣ በባቡርም፣ በክፍላቸውም የሆነ ቀን ያገኙታል። ልጃችሁ የዚያን ቀን ሆዷን ቁጥር ቁጥር እያደረጋት ቤት ስትገባ፣ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትነግራችሁ? አማርኛዋ «ደህና ነኝ» ላይ የሚያልቅ ከሆነ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ክፍሏ ትገባለች። እኛን የሚያስፈራን ይሄ ነው እንጂ ፊደል መዘግየቱ አይደለም።

ፊደል መዘግየቱንም አንደብቃችሁም። 20 ደቂቃዎቹ የተወሰዱት ከቃል ጽሕፈት ላይ ነው። አምና በዚህ ጊዜ ትንንሾቹ «ከ» ደርሰው ነበር፤ ዘንድሮ ገና «ቸ» ላይ ናቸው። እስካሁን አንድም ቃል ያልተናገሩ ሁለት ልጆችም አሉ፤ አናስገድዳቸውም። ክፍሉም ይንጫጫል። ይህ ሁሉ ዋጋ ነው። እኛ ግን ዋጋው ይገባዋል እንላለን። ፊደል በአንድ ክረምት ሊጠና ይችላል። ሐሳብን በአማርኛ የመናገር ድፍረት ግን በልጅነት ካልመጣ በኋላ ማምጣቱ ይከብዳል።

ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እራት ላይ «ዛሬ ምን አነበብክ?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ማንን ወደድክ? ለምን?» በሉ። ሁለተኛ፣ ሲናገር መሐል ላይ ገብታችሁ ሰዋስው አታርሙት፣ በአነጋገሩም አትሳቁበት። «እሷ መጣ» ቢል ይጨርስ፤ ስትመልሱለት እናንተ «አዎ፣ መጣች» ካላችሁ ይበቃል። ሦስተኛ፣ እናንተም ሐሳባችሁን ስጡ፣ ተቃወሙትም። ልጅ የሚከራከረው ከሚከራከረው ሰው ጋር ነው። መጽሐፉን ለመግዛት አትጨነቁ፤ የኡስተር ቤተ መጻሕፍት ስላለ በውሰት ይገኛል።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ ከ20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ኑና ተቀመጡ። የዊንተርቱሩ አባት፣ እርስዎም ይምጡ። ልጅዎ ዳጎበርት ክፉ አይደለም ከሚሉት ወገን ነው። ካልተስማሙ ፊት ለፊት ይሟገቱት፤ ብቻ «ምክንያቱም» ማለትን አይርሱ።

አክባሪዎቻችሁ፣
የቅዳሜ አማርኛ ክፍል የበጎ ፈቃድ አስተማሪዎች፣ ኡስተር