ስለትና አኮቴት

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር በዘጌ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚጎርፈውን ምእመን ያየ ሰው ሕዝባችን ምስጋና አያውቅም ብሎ ለመናገር አይደፍርም፤ አንዱ በጀልባ፣ አንዱ በእግሩ ደርሶ ጧፉን፣ ዕጣኑን፣ ዘርፋም ጥላውን ለካህናቱ ሲያስረክብ፣ እናቶችም «ስለቴ ሰመረልኝ» እያሉ እልልታውን ሲያቀልጡት መስማት ልብን ያረሰርሳል።

ስለትን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን ምስጋናችን ሁሉ በስለት በር ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ ከፈጣሪያችን ጋር ያለን ነገር ከአበዳሪና ከተበዳሪ ውል ብዙም እንዳይርቅ እሰጋለሁ፤ ልመናው የደረሰለት ጥላ ይዞ ይመጣል፣ ያልደረሰለት ግን አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይቀራል። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚያስተምረን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚታወቀው ጸሎተ አኮቴት፣ ማለትም የምስጋና ጸሎት፣ ስለ ሕሙማን፣ ስለ ነጋድያንና ስለ ዝናማት ከሚቀርበው ምልጃ አስቀድሞ ይደርሳልና፣ ካህኑ ገና ምንም ሳይለምን እስከዚያች ሰዓት ስለ መድረሳችን ያመሰግናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፉት ዘጠኙ ለምጻሞችም ቢሆኑ ትእዛዝ አላፈረሱም፤ ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ተነግሯቸው ነበርና ሄዱ፤ ትእዛዙን ጠብቀው ሳለ ጌታ «ወዴት አሉ?» ብሎ የጠየቀው ግን ለማመስገን ስላልተመለሱ ስለ እነርሱ ነው።

ያገኘነውን ሳናመሰግን ማለፋችን በሌላም ቦታ ይታያል፤ በዚያው በየካቲት፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ በነሐሴና በመስከረም ጢሱ ከሩቅ የሚታየው ያ ግርማ ሞገስ፣ ቀጥኖ ጥቁሩ ቋጥኝ ይገለጣል። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ውሃ ወደ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እየተመራ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ብርሃን ሆኗል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም የጣና በለስ ማመንጫ ድርሻውን በዋሻ ከጣና ሐይቅ ይወስዳል። ማታ መብራታችንን አብርተን ተቀምጠን «ጢስ ዓባይ ደረቀ» ብለን የምናማርር እኔና መሰሎቼ ይህን የምናስበው እምብዛም ነው።

ከፏፏቴው ማዶ ቡና የሚያፈሉ አንዲት አሮጊት፣ «እንዴት ሰነበቱ፣ እናቴ?» ብላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ ልጄ፤ ዘንድሮስ እንግዳውም እንደ ውሃው ቀጠነብን» አሉኝና ሲኒውን በነጠላቸው ጫፍ ወልወል አድርገው ቀዱልኝ። የተማረው ወገን እንዲህ ያለውን መልስ የድኽነት መሸፈኛ ነው ይለዋል። እኒህ እናት ግን አንዳች አልሸፈኑም፤ አስቀድመው አመሰገኑ፣ ቀጥለው ችግራቸውን ተናገሩ፤ ቅደም ተከተሉም ቅዳሴው የሚሄድበት ነው። በዳዊት መጨረሻ ከነቢያት ጸሎት ጋር የሚደገመው ጸሎተ ዕንባቆምም በለሱ ባያብብ፣ ከበረቱ ከብት ቢጠፋ እንኳ በአምላኩ ደስ የሚለውን ሰው ያሳየናል፤ በለሱ አብቧል ብሎ ግን አይዋሽም።

ምስጋና ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል የሚለውንስ ክርክር፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየውን የእምቦጭ አረም እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ የከረሙት የደንቢያ ገበሬዎች ይመልሱታል፤ እነርሱም እንደ ማንኛችንም «እንዴት ዋላችሁ?» ቢባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሉ ናቸው።